የአውሮፕላን ስክሪን ማንበብ የለመድኩት ደብረ ብርሃን፣ ቤታችን ውስጥ ነው

«ከፍታህ ስንት ነው?» አለኝ አስተማሪዬ።

«95» አልኩት በሙሉ ልብ።

ዞር ብሎ አየኝ። ከፍታ የሚቆጠረው ከባሕር ጠለል ነው፤ እኛ በምንበርበት ደጋ ላይ 95 ጫማ ማለት አውሮፕላኑ አፈር ውስጥ ተቀብሮ እየሄደ ነው ማለት ነው። ያነበብኩለት ፍጥነታችንን ነበር። ፍጥነት በስክሪኑ ግራ ነው፣ ከፍታ ደግሞ በቀኝ። ይህን ክፍል ውስጥ ብትጠይቁኝ እንደ ዳዊት እደግምላችኋለሁ። የጽሑፍ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት። ሞተሩ ሲጮህ፣ ሬዲዮው ሲያወራ፣ ወገቤ በቀበቶ ታስሮ ላብ ሲያጠምቀኝ ግን ዓይኔ የት እንደሚሄድ ጠፋው።

ከዚያ በኋላ በትምህርቱ መሐል የሁለት ወር ግድም ክፍተት መጣና ደብረ ብርሃን ቤተሰቦቼ ጋ ገባሁ። በእነዚያ ሁለት ወራት ያገዘኝ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። ይህን የምጽፈው የበረራ ትምህርት ለምትጀምሩ፣ ወይም ጀምራችሁ እንደኔ ስክሪኑ ላይ ለምትደናበሩ ነው። አቪዮኒክስ (የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ) ጥገና ለምትማሩም ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ ስለየትኛው ስክሪን እንደማወራ ልንገራችሁ። ድሮ ትንንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ፊት ለፊታቸው ሰዓት የሚመስሉ ስድስት ክብ መለኪያዎች ነበሯቸው። ፍጥነት አንድ ሰዓት፣ ከፍታ አንድ ሰዓት፣ አቅጣጫ አንድ ሰዓት፣ እንዲህ እያለ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ገደማ ጀምሮ ግን ጋርሚን ጂ1000 የሚባለው ሲስተም እንደ ሴስና 172 እና ዳይመንድ ዲኤ40 ባሉ አውሮፕላኖች ላይ መገጠም ጀመረ። ሁለት ትልልቅ ስክሪኖች ናቸው። በአብራሪው ፊት ያለው ፒኤፍዲ ይባላል፤ ስድስቱ ሰዓቶች ተጨፍልቀው እዚያ ላይ ገብተዋል። ከጎኑ ያለው ኤምኤፍዲ ካርታውን፣ የሞተሩን ሁኔታ፣ ነዳጁንና ሌላውን ያሳያል። በእያንዳንዱ ስክሪን ግርጌ 12 አዝራሮች ተደርድረዋል፤ እንደገባችሁበት ገጽ ሥራቸው ይቀያየራል። ለአዲስ ሰው መከራው ይኼ ነው። ሰዓት ቦታውን አይለቅም፤ አዝራሩ ግን አሁን አንድ ነገር ነው፣ ነክታችሁት ስትመለሱ ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ኮምፒውተሩን ያገኘሁት ከአጎቴ ልጅ ነው። 8 ጊጋ ራም አለው፣ ግራፊክስ ካርዱ ግን የለም ቢባል ይሻላል። ኤክስፕሌን የሚባለውን የበረራ ሲሙሌተር (በኮምፒውተር ላይ የሚበረርበትን ፕሮግራም) ስጭንበት ውጪው እንደ ስላይድ ነበር የሚሄደው፤ አንድ ምስል፣ ቆም፣ ሌላ ምስል። ሁለት ቀን ተበሳጨሁ። በኋላ ገባኝ። እኔ የምፈልገው ተራራውንና ደመናውን አይደለም፣ ስክሪኑን ነው። የውጪውን ምስል ሁሉ ዝቅተኛው ላይ አደረግኩት። ምድሩ አረንጓዴ ምንጣፍ መሰለ፣ ዲስፕሌዩ ግን እንደ ውሃ ፈሰሰ። ስለዚህ ደህና ኮምፒውተር የለኝም ብላችሁ አትተዉት።

ስለ ሶፍትዌሩ ባጭሩ። ኤክስፕሌን ከነሴስናውና ከነጂ1000ው ይመጣል፣ ግን ይገዛል። ፍላይትጊር ነፃ ነው፤ የጂ1000 አምሳያም አለው፣ ትንሽ መነካካት ይፈልጋል እንጂ። ጋርሚን ራሱም ለኮምፒውተር የሚሆን ማሠልጠኛ ያዘጋጃል። እሱ ለማብረር አይመችም፤ አዝራሩና ገጹ ግን ከእውነተኛው ጋር በጣም የተቀራረበ ነው። በሌሎቹ ላይ አንዳንዱ አዝራር ለጌጥ የተቀመጠ ነው፤ ብትጫኑት ምንም አይመጣም። ያን ጊዜ ጥፋቱ የእናንተ እንዳይመስላችሁ፣ የአውሮፕላኑን ማኑዋል ከጎን ክፈቱ።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አባከንኳቸው። ጨዋታ አደረግኩት። ከቦሌ ተነስቼ ላሊበላ፣ ከላሊበላ ጎንደር፣ በአንድ ማታ አገር አዳረስኩ። ፈታ ያደርጋል፣ አልዋሽም። ግን አንድ ቀን ራሴን ልፈትን ብዬ ስክሪኑን ለአንድ ሰከንድ አይቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ፍጥነቴ ስንት ነበር? አላውቅም። ከፍታዬስ? አላውቅም። አቅጣጫዬ? ምሥራቅ ነገር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በርሬ አንዴም አላነበብኩም ነበር።

የቀየረኝ የፒ ቁልፍ ነው። ፒን ስትጫኑ ሲሙሌተሩ ቀጥ ይላል። እውነተኛ አውሮፕላን ይህን አያደርግላችሁም። ታናሽ እህቴን ከጎኔ አስቀመጥኳት። እኔ አበራለሁ፤ እሷ ደስ ባላት ሰዓት ፒን ትጫንና ስክሪኑን በደብተሯ ትሸፍነዋለች። ከዚያ ትጠይቀኛለች።

«ጋሽ ፓይለት፣ ሄዲንግህ ስንት ነው?» አፍንጫዬ በስንት ዲግሪ አቅጣጫ እንደዞረ ማለቷ ነው።

«045።»

ደብተሩን ታነሳለች። 052። «ዕቃ!» ትላለች።

ውላችን እንዲህ ነበር፦ ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ ቀን የእራት ዕቃ አጥባለሁ። ደብረ ብርሃን በኅዳር ማታ በቀዝቃዛ ውሃ ዕቃ ማጠብ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣት ይደነዝዛል። በመጀመሪያው ምሽት ብቻ የዘጠኝ ቀን ዕቃ ተከመረብኝ። እማዬ «ይሄ አውሮፕላን በጣም ጥሩ ነገር ነው» አለች።

በሳምንቱ ዓይኔ መንገዱን ያዘ። መሐሉ አድማሱ ነው፤ ሰማያዊው ሰማይ፣ ቡናማው መሬት። ከአድማሱ ወደ ፍጥነት፣ ተመልሶ አድማስ፣ ከዚያ ከፍታ፣ ተመልሶ አድማስ፣ ከዚያ ታች ወዳለው አቅጣጫ። ሁልጊዜ ወደ መሐል መመለስ ነው። በመጽሐፍ ተጽፎ ሳነበው ምንም አልመሰለኝም ነበር። የእህቴ ደብተር ሲከደንብኝ ግን ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነም መያዝ ጀመርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ረጋ ብዬ ላሳያችሁ። ቴፕ በሚባለው፣ የፍጥነቱ ቁጥሮች በሚንሸራተቱበት አምድ ጠርዝ ላይ ቀጭን ሮዝ መስመር አለች፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትሳባለች። ለወራት ጌጥ ትመስለኝ ነበር። እሷ የምትነግራችሁ አሁን በያዛችሁት ሁኔታ ብትቀጥሉ ከ6 ሰከንድ በኋላ ፍጥነታችሁ ስንት እንደሚሆን ነው። ከፍታው ላይም እንደሷ ያለች አለች። ሲሙሌተሩ ላይ ኃይሉን ቀንሱና አፍንጫውን ሳታወርዱ ቆዩ። ቁጥሩ ገና 90 ነው፤ መስመሯ ግን ወርዳ 78 ላይ ደርሳለች። እዚህ ጋ ፒን ተጫኑ። እዩት። አሁን ያላችሁበትና ልትሆኑ ያላችሁበት አንድ ላይ ቆመው ይታያሉ። ከዚያ ልቀቁት፣ ስድስት ሰከንድ ቁጠሩ። እኔ ይህን ሃያ ጊዜ ሳላደርገው አልቀረሁም። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ማባረር ተውኩ፤ መስመሯን አጥፍቼ መያዝ ጀመርኩ። መስመሯ ከጠፋች ፍጥነቱ ረግቷል ማለት ነው።

ቀለሙም ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፣ እኔም ዋጋ ከፍዬበታለሁ። ደግነቱ የከፈልኩት ሲሙሌተር ላይ ነው። አንድ ማታ ቦሌ በአይኤልኤስ (ከመሬት በሚላክ ሬዲዮ ወደ ማረፊያው በሚመራው ሲስተም) ላርፍ ፍሪኩዌንሲውን በእጄ አስገባሁ። መስመሩን የምታሳየው መርፌ መሐል ላይ ቁጭ ብላለች፤ ደስ አለኝ፤ ተከተልኳት። መሬት ስቀርብ ሬንዌው (ማኮብኮቢያው) የለም! ወደ ጎን ርቆ ቀርቷል። ፒን ተጭኜ ሳየው መርፌዋ ማጀንታ፣ ማለትም ደማቅ ሮዝ ናት። በጂ1000 ማጀንታ ማለት መረጃው ከጂፒኤስ ነው ማለት ነው። ከመሬት ሬዲዮ ሲመጣ አረንጓዴ ነው የሚሆነው። እኔ ፍሪኩዌንሲውን አስገባሁ እንጂ ምንጩን አልቀየርኩም፤ ጂፒኤሱ ወደ ኤርፖርቱ በግርድፉ ይመራኛል፣ እኔ ደግሞ ሬንዌው መስመር ላይ ያለሁ መስሎኛል። የመርፌዋን ምንጭ የሚቀይረውን፣ ሲዲአይ የሚለውን አዝራር ነካሁት። መርፌዋ አረንጓዴ ሆነች፣ ጥግ ላይም ተለጥፋ አገኘኋት። ቀድሞም እዚያው ነበረች፤ ያልጠየቅኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ መርፌ ከመከተሌ በፊት ቀለሟን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። በሌላ አምራች ስክሪን ላይ ቀለሙ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ስለሚችል የምታጠኑትን አውሮፕላን ብቻ አጥኑ፣ አታደባልቁ።

የአየር ግፊቱን ነገር ደግሞ አደራ። ከፍታ መለኪያው ከፍታን የሚያሰላው ከአየር ግፊት ነው፤ የቦታውን ግፊት ካላስገባችሁለት ይሳሳታል። ብዙ ሲሙሌተር ሲከፈት በኢንች 29.92 ብሎ ይጀምራል፤ በሌላው የግፊት መለኪያ፣ በሄክቶፓስካል፣ 1013 ነው። እኔ ቀናውን አየር መርጬ ስለምጫወት አንዴም ነክቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ የአየሩን ሁኔታ ቀየርኩና ግፊቱን 1024 አደረግኩት። ቦሌ መሬት ላይ ቆሜያለሁ። የቦሌ ከፍታ 7,625 ጫማ ነው። የኔ አልቲሜትር (ከፍታ መለኪያው) ግን 7,300 አካባቢ ይላል። ሞተሬ እንኳ ገና አልተነሳ፣ 300 ጫማ ተሳስቻለሁ። አንዷ ሄክቶፓስካል ወደ 27 ጫማ ናት፤ 11ዱን አስቡት። ክፍል ውስጥ ቀመሩን ሠርቼዋለሁ። ቁጥሩ ፊቴ ላይ ቆሞ ሲዋሸኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሲሙሌተሩን ስትከፍቱ መጀመሪያ ወደ ሄክቶፓስካል ቀይሩት፤ እኛ አገር በሬዲዮ የምትሰሙት በእሱ ነው።

አባባ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ከአዲስ አበባ ደሴ መስመር ዕድሜያቸውን የጨረሱ። አንድ ቅዳሜ ማታ ጋቢያቸውን እንደለበሱ መጥተው ከጎኔ ቁጭ አሉ። ላስደስታቸው ብዬ የእሳቸውን መንገድ አበረርኩ። ለደብረ ብርሃን ነጥቧን ራሴ በኬክሮስና በኬንትሮስ አስገባሁላት። ከቦሌ በቀጥታ 60 ኖቲካል ማይል ገደማ ናት፤ በ120 ኖት ግማሽ ሰዓት። አባባ «ግማሽ ሰዓት?» ብለው ሳቁ። በእሳቸው መኪና ሸኖ ላይ እንኳ አይደረስም።

ውጪው እንዳልኳችሁ አረንጓዴ ምንጣፍ ነው፤ ምኑንም አላወቁትም። ኤምኤፍዲው ላይ የመሬት አቀማመጡን ገጽ ከፈትኩላቸው። 10,500 ጫማ ላይ ነን። ደብረ ብርሃን ከ9,300 ጫማ በላይ ስለሆነች ከሥራችን ብዙም አትርቅም፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው፣ ማለትም ሰላም። ደብረ ብርሃንን አለፍን። ትንሽ እንደሄድን ወደፊት ቢጫ ፈሰሰ። ቢጫ ማለት መሬቱ ከእኛ በታች ያለው ከ1,000 ጫማ ባነሰ ነው። ከዚያ ከቢጫው መሐል ቀይ ወጣ። ቀይ ማለት መሬቱ 100 ጫማ እንኳ አይርቀንም፣ ወይም ከእኛ በላይ ነው። ከቀዩ ማዶ ደግሞ ድንገት እንደገና ጥቁር። ገደል።

አባባ ጣታቸውን ቀዩ ላይ አደረጉና «ጣርማ በር ነው» አሉ። «ይኼ ጥቁሩ ደግሞ የደብረ ሲና ቁልቁለት። ሸዋ ሮቢት እዚህ ጋ ነው የሚሆነው።»

ልክ ነበሩ። ከጣርማ በር ከፍታ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ መውረድ አለ። በጉም ያን መንገድ ሲነዱት የኖሩ ሰው ያላዩትን ካርታ በቀለም ብቻ አነበቡት። እኔ ግን የታዘብኩት ሌላ ነው። ቢጫው ሲመጣ አፍንጫውን አነሳሁ፤ በዚያ ከፍታ ሴስናዋ የምትወጣው እየለመነች ነው። ቀዩ ከእኔ መውጣት ቀድሞ እየመጣ ነበር። ዞሬ ተመለስኩ። ቢጫውን ሳይ ሳይሆን ጥቁሩ ላይ እያለሁ መወሰን እንደነበረብኝ ያን ማታ ገባኝ።

ከዚያ አባባ ነዳጁን ጠየቁኝ። የነዳጁን ጌጅ አሳየኋቸው፤ ግራና ቀኝ ክንፍ፣ ሁለት ጠቋሚ። ለረጅም ጊዜ አዩትና «እንጨት ማስገቢያ የለውም?» አሉኝ።

ሳቅኩ። የእሳቸው መኪና ጌጅ ከብዙ ዓመት በፊት ሙሉ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ታንኩን ከፍተው ምልክት ያለው እንጨት ነው የሚከቱት። ወደ ትምህርቴ ስመለስ ግን ሳቄን መለስኩ። ሴስናዋን ከመነሳታችን በፊት ስንፈትሽ ክንፉ ላይ ወጥቶ፣ የታንኩን ክዳን ከፍቶ፣ ቁጥር ያለበት መለኪያ ዘንግ ከትቶ ማየት አለ። ከነሁሉ ስክሪኗ። ሲሙሌተሩ ይህን አላስተማረኝም፤ እሱ ላይ ነዳጅ የሚሞላው በማውስ ነው።

ወደ ብልሽት ልሂድ፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅም እዚህ ነው። እውነተኛ አውሮፕላን ላይ ማንም አስተማሪ ፒቶ ቱቦውን፣ ማለትም ለፍጥነት መለኪያው የፊቱን ንፋስ የሚቀበለውን ቱቦ፣ በጭቃ ደፍኖ አያበርራችሁም። ቤት ግን ትችላላችሁ። በመጀመሪያ ቀላሉን አደረግኩ፤ የአድማሱን መረጃ የሚልከውን ክፍል አጠፋሁ። ስክሪኑ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ መጣ። ይህ ጨዋ ብልሽት ነው። «አላውቅም፣ አትመነኝ» ይላችኋል። ያኔ ወደ ተጠባባቂዎቹ ትንንሽ ሰዓቶች መሄድ ነው። ስክሪኑ ራሱ ከጠፋ ደግሞ በሁለቱ መሐል ያለችውን ቀይ አዝራር ትጫናላችሁ፣ ሁሉም በተረፈው ስክሪን ላይ ይሰበሰባል። አንዴ ከለመዳችሁት አያስደነግጥም።

ከዚያ ፒቶ ቱቦውን ደፈንኩ። ቀይ ኤክስ ጠበቅኩ። አልመጣም። ቁጥሩ ጥርት ብሎ፣ መልኩን አሳምሮ ተቀምጧል። መውጣት ስጀምር ፍጥነቱ ጨመረ። አፍንጫውን አነሳሁ፤ ይባስ ጨመረ። 120፣ 130፣ ቢጫው ቀለም ውስጥ ገባ። የበለጠ አነሳሁ። የመውደቂያው ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ስክሪኑ ገና «በጣም ፈጥነሃል» ይለኛል። ወደቅኩ።

ለምን? ቱቦው ውስጥ የታፈነው አየር አይለወጥም፤ ከውጪ ያለው ግፊት ግን ስትወጡ ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አነጻጽሮ ልዩነቱን ፍጥነት ይለዋል። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው እንደ ከፍታ መለኪያ ይሠራል። ሲስተሙ ቀይ ኤክስ የሚያወጣው መበላሸቱን ሲያውቅ ነው፤ እዚህ ጋ አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አጠገብ ባሕር ውስጥ የወደቀው ቦይንግ 757 የደረሰበት የዚህ ዓይነት ነው፤ መርማሪዎቹ የተደፈነ ፒቶ ቱቦ ነው የጠረጠሩት፣ 189 ሰዎች አልቀዋል። እኔ ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ሰምቼ ነበር። «እንዴት አያውቁም?» ብዬም ፈርጄ ነበር። ጋቢ ለብሼ፣ ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ ማንም ሳያዋክበኝ እኔም አላወቅኩም።

መውጫው አድማሱና የሞተሩ ኃይል ነው። ይህን ያህል ኃይልና ይህን ያህል አፍንጫ ከያዛችሁ ፍጥነታችሁ በግምት ስንት እንደሚሆን ከቀድሞ ማወቅ። ሲሙሌተሩ ላይ በደህናው ጊዜ ጻፉት። እኔ ለሴስናዋ ሦስት መስመር ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር፤ ለመውጣት፣ ለቀጥታ በረራ፣ ለመውረድ።

ግድግዳ ካልኩ አይቀር። መብራት ይሄዳል። በተለይ ማታ ማታ፣ ልክ መሞቅ ስጀምር። አንዴ በሳምንት ሦስት ቀን ጠፋ። ተበሳጭቼ ከተማ ወርጄ ፎቶ ኮፒ ቤት የሁለቱን ስክሪኖች ፎቶ በትልቅ ወረቀት አሳተምኩና ካርቶን ላይ ለጠፍኩት። በሻማ እሱ ፊት ተቀምጬ ጣቴን እያስነካሁ ጮክ ብዬ እደግማለሁ፦ «ባሮ 1024፣ ሄዲንግ 045፣ ሲዲአይ አረንጓዴ።» ባሮ ያልኩት ያንኑ የአየር ግፊት ነው። እማዬ የምጸልይ መስሏት አንዴ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችልኝ።

ካርቶኑ ያልጠበቅኩትን ነገር ፈታልኝ። የጂ1000 ማዞሪያዎች ብዙዎቹ ድርብ ናቸው፤ ከታች ትልቅ፣ ከላይ ትንሽ። ከፍታ ስትመርጡ ትልቁ በሺህ፣ ትንሹ በመቶ ይቀይራል። ማውስ ላይ ይህ ልዩነት እጃችሁ ውስጥ አይገባም፤ ሁለቱም ያው ማንከባለል ናቸው። ስለዚህ የቫዝሊን ክዳን ካርቶኑ ላይ ሰካሁ፣ በላዩ የአምቦ ውሃ ክዳን። በጣቴ ጫፍ የላዩን፣ ጣቴን ዘርግቼ የታችኛውን። አስቂኝ ነው። ግን ተመልሼ ኮክፒት ስገባ እጄ ሳላየው ትልቁን አገኘው።

አሁን ስለ ክፉ ጎኑ፤ ይህን ካልነገርኳችሁ አጭበርባሪ ነኝ። ተመልሼ በመጀመሪያው በረራዬ አስተማሪዬ ቁጥር ሲጠይቀኝ ቃሉን ሳይጨርስ እመልሳለሁ። ተደነቀ። አሥር ደቂቃ እንደሄድን ግን ዝም አለ። ከዚያ «በስተቀኝህ ያለው አውሮፕላን ስንት ሰዓት አቅጣጫ ላይ ነው?» አለኝ። እኛ አቅጣጫን እንደ ሰዓት ቁጥሮች አቀማመጥ ነው የምንጠራው። የቱ አውሮፕላን? ከተነሳን ጀምሮ ውጪውን አላየሁም ነበር። ቤት ውስጥ ውጪው አረንጓዴ ምንጣፍ ስለነበር ዓይኔ ውጪ የሚባል ነገር መኖሩን ረስቷል። ኮፍያውን አወለቀና ፒኤፍዲው ላይ ደፋው። «አሁን ብረር» አለኝ። የዚያን ቀን የተረፈውን በረራ በኮፍያው ነው የጨረስኩት። በሚቀጥሉት ሦስት በረራዎችም ኮፍያው እየወጣ ይገባ ነበር።

እግሬም ሰንፎ ነበር። ፔዳል ስላልነበረኝ ሲሙሌተሩ ራድደሩን (አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን የጭራ ክፍል) በራሱ ያደርግልኝ ነበር፤ እውነተኛዋ ስትነሳ ወደ ግራ ስትጎትት እግሬ ተኝቷል። ድምፁ፣ ንዝረቱ፣ ሆድ ውስጥ የሚሰማው መውረድ፣ እነዚህ ቤት የሉም። ቤት ኮምፒውተር ላይ የተቀመጣችሁበት ሰዓት በበረራ መዝገባችሁ ላይ አይጻፍም። ባለሥልጣን የፈቀዳቸው የማሠልጠኛ ሲሙሌተሮች ሌላ ነገር ናቸው፤ ከእነሱ ጋር አታምታቱት።

እንደገና ብጀምር እንዲህ አደርጋለሁ። በቀን ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ጨዋታ ይሆናል። አንድ ቀን አንድ ነገር፤ ዛሬ ባሮ ብቻ፣ ነገ ሲዲአይ ብቻ። ሁልጊዜ ጮክ ብዬ እያነበብኩ። በየአምስት ደቂቃው ስክሪኑን በደብተር ሸፍኜ በውጪው ምንጣፍ ብቻ ቀጥ ብዬ ለመብረር እሞክራለሁ፤ ይህን ባደርግ ኖሮ ኮፍያው ባልመጣ። ከሁሉ በላይ ግን ጠያቂ ሰው አገኛለሁ። ብቻችሁን ስትሆኑ የምታውቁትን ነው ራሳችሁን የምትጠይቁት። እህቴ ምኑንም ስለማታውቀው ዓይኗ ያረፈበትን ሁሉ ጠየቀችኝ፤ የውጪውን አየር ሙቀት፣ የሬዲዮውን ቁጥር፣ ጥግ ላይ ያለችውን ሰዓት ሳይቀር። ስለ ዕቃ አጠባው እንደየቤታችሁ ተዋዋሉ።

ኮምፒውተር ከሌላችሁ በካርቶኑ ጀምሩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ ግን ረከሰ ብላችሁ በጥቁርና ነጭ እንዳታሳትሙት። እኔ መጀመሪያ እንደዚያ አድርጌ ማጀንታውም አረንጓዴውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖብኝ ተመልሼ በከለር አሳተምኩት።